ግሪፊዝ ፕላኔታሪየምን እንዴት እንጎብኝ? ከፌርፋክስ እስከ ጉልላቱ

ሎስ አንጀለስ ለምንኖር አበሾች ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ የምንወስድበት ቦታ የታወቀ ነው። ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር፣ ሆሊውድ ቡሌቫርድ፣ ከዚያ ትንሿ ኢትዮጵያ በምንለው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ምሳና ቡና። ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪም አይቀርም። ግን ወስደናቸው ምን እናደርጋለን? የሆሊውድን ጽሑፍ ከጀርባ አድርገን ፎቶ እናነሳለን፣ ከተማውን ከላይ እናያለን፣ ከዚያ ወደ መኪና። ውስጥ ያለውን ፕላኔታሪየም ሳያይ የሚመለሰው ይበዛል። እኔም ለ6 ዓመት እንደዚያው ነበርኩ።

ነገሩ የተለወጠው እማዬ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ጊዜ ነው። አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ቆማ ሰማዩን አንጋጣ ስታይ ቆየች። ከዚያ «እዚህ አገር ኮከብ የለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በነጋታው ስለ ፕላኔታሪየሙ ማጠያየቅ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ እሷን፣ ልጆቼን፣ የዕድር ሰዎችን ይዤ ተመላልሻለሁ። እዚህ የጻፍኩት በዚያ ምልልስ የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። ኦብዘርቫቶሪ እውነተኛውን ሰማይ በቴሌስኮፕ የሚያዩበት ቤት ነው። ፕላኔታሪየም ደግሞ ሰማዩን ራሱን ቤት ውስጥ የሚያስገባ አዳራሽ ነው። ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ክብ ነው። መሐል ላይ የቆመ መሣሪያ ከዋክብቱን አንድ በአንድ ጉልላቱ ላይ ያበራቸዋል። መሣሪያውን የፈለሰፈው የጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ግሪፊዝ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1935 ሲሆን፣ በአሜሪካ ከቺካጎና ከፊላደልፊያ ቀጥሎ 3ኛው ፕላኔታሪየም ነበር። ንብረትነቱ የሎስ አንጀለስ ከተማ ነው።

ነጻ የሆነበትን ምክንያት እወቁ

ወደ ሕንጻው መግባት በነጻ ነው። በቴሌስኮፕ ማየትም በነጻ ነው። የሚከፈለው ለፕላኔታሪየሙ ትርዒት ብቻ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ግሪፊዝ ጄንኪንስ ግሪፊዝ የሚባል ከዌልስ የመጣ ስደተኛ ነበር። በማዕድን ሥራ ሀብታም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1896 ከ3,000 ኤከር በላይ መሬት ለከተማው የገና ስጦታ ብሎ ሰጠ። ዛሬ ግሪፊዝ ፓርክ የምንለው ያ ነው። ሰውየው ግን ክፉ ታሪክም አለው። በ1903 ሚስቱን በሽጉጥ መታ። እሷ ሕይወቷ ተረፈ፣ አንድ ዓይኗን ግን አጣች። እሱም ወደ 2 ዓመት ገደማ ታሰረ። በኋላ በዊልሰን ተራራ ላይ ባለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ሰማይን አየ። ያየው ነገር ልቡን ነካው። ይህንን ሰው ሁሉ ማየት አለበት ብሎ በ1912 ለኦብዘርቫቶሪ ማሠሪያ 100,000 ዶላር ልስጥ አለ። በወንጀሉ ምክንያት ተቃውሞ ተነሣና ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። በ1919 ሲሞት ገንዘቡን ተናዘዘ። ሕዝብ ሁሉ እንዲያይ የሚለው ሐሳብ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህንን የምነግራችሁ ለምንድን ነው? ብዙ ወገኖቻችን በሩ ላይ ደርሰው «ይህ ለኛ አይሆንም፣ ውድ ነው» ብለው ሲመለሱ አይቻለሁ። አይደለም። ቤቱ የናንተም ነው።

ቀኑን ምረጡ

ሰኞ ዝግ ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 12 ሰዓት እስከ ማታ 10 ሰዓት ይሠራል። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ይከፈታል። ሰዓቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ዘመድ ከአገር ቤት ከመጣ ይህንን አስታውሱት፣ «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ስትሉት ሌላ ነገር ሊገባው ይችላል። የበዓል ቀን ከሆነ ድረ ገጹን ሳታዩ አትውጡ።

ልጅ ወይም አዛውንት ካላችሁ በብርዱ ወራት ሂዱ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ 4፡45 አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ ሕጻናት ሳይደክማቸው ኮከብ አይተው ይመለሳሉ። ጁን ላይ ግን ፀሐይ እስከ 8 ሰዓት አትጠልቅም። በደንብ ሳይጨልም ልጆቹ እንቅልፋቸው ይመጣል።

ሁለተኛው ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ በቴሌስኮፕ ታምራለች ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ያርፍባታል፣ ጥላ የለም፣ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ትመስላለች። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ጉድጓዶቹና ተራሮቿ ጥላ ይጥላሉ። ስለዚህ ጨረቃ ከተወለደች በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ገደማ ያለውን ምሽት ፈልጉ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባት በሰፈራችሁ ካሉ ቀኑን ቆጥረው ይነግሯችኋል፣ ካልሆነ ስልካችሁ አለ።

በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ የከዋክብት ድግስ የሚሉት አለ። ሰማይ ማየት የሚወዱ የከተማው ሰዎች የየራሳቸውን ቴሌስኮፕ ተሸክመው መጥተው ሣሩ ላይ ይደረድራሉ። ማንም ሰው በነጻ እየዞረ ያያል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ለግማሽ ጨረቃ የቀረበ ነው። ሕዝቡ ግን ይበዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዛውንት ጋር የምትሄዱ ከሆነ ተራ የሥራ ቀን ይሻላል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ።

መንገዱ

እውነቱን ልናገር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ስሄድ ቅዳሜ ምሽት ነበር። ኮረብታው ላይ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ቀረን። ስንደርስ ትኬት አልቋል። ትንሿ ልጄ አለቀሰች። እኔም አንጀቴ ተቃጠለ።

ስለዚህ በመኪና ከሆነ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ድረሱ፣ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ። ከትንሿ ኢትዮጵያ ተነሥታችሁ መንገዱ ክፍት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ላይ ድረስ ያለው ማቆሚያ በሰዓት ያስከፍላል፣ ቶሎም ይሞላል። ወደ ላይ በሚወስደው በቬርሞንት መንገድ ላይ ግሪክ ቲያትር የሚባል ክፍት የሙዚቃ መድረክ አለ። እዚያ ኮንሰርት ያለ ቀን መንገዱ በሙሉ ይጨናነቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ኮንሰርት መኖር አለመኖሩን እዩ። ይህች አንዲት ነገር ብዙ ጭንቀት ታስቀራለች።

ያለ መኪና መሄድ ይቻላል፣ እንዲያውም ይቀላል። በሜትሮ ባቡር ቢ መስመር ቬርሞንትና ሰንሴት ጣቢያ ውረዱ። ከዚያ ዳሽ የሚባለው ትንሹ አውቶቡስ በቀጥታ በሩ ላይ ያወርዳችኋል። ጉልበት ያለው ደግሞ ከፈርን ዴል በእግር ይወጣል። ዛፍና ጅረት ያለበት መንገድ ነው። ታች ጠረጴዛዎች ስላሉ ከቤት የያዛችሁትን ምግብ እዚያ በልታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። በጾም ወቅት እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ምን ይዞ መሄድ?

ጋቢ። ይህንን አትርሱ። ቀን ሙቀት ነው ብላችሁ በቲሸርት ትወጣላችሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታው ላይ ነፋስ ይነሣል። ጣሪያው ላይ ቴሌስኮፕ ለማየት ሰልፍ ትቆማላችሁ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ስትቆም ብርድ ያንቀጠቀጣቸው ወጣቶች በቅናት ያዩዋት ነበር።

ውሃ ያዙ። ምቹ ጫማ አድርጉ። የስልካችሁን ብርሃን ቀንሱት፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ትኬት

ፎቶ ቆይቶ ይነሣል። ዕይታው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ግቡና ትኬት ቁረጡ። የፕላኔታሪየም ትኬት የሚሸጠው እዚያው ቦታ፣ ለዚያው ቀን ብቻ ነው። በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት የለም። ለልጆችና ለአዛውንት ቅናሽ አለ።

ሁለት ደንብ አለ። አንደኛ፣ ትርዒቱ ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም። ትኬት መያዝ አያድንም። ሁለተኛ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት የሚገቡት በቀኑ የመጀመሪያ ትርዒት ላይ ብቻ ነው። ሕጻን ካላችሁ እንግዲህ ልክ በሩ ሲከፈት መድረስ ነው። ወይም አንዳችሁ ልጁን ይዛችሁ ምድር ቤት ያለው የፕላኔቶች ማሳያ ጋ ስትቆዩ ሌላው ይገባል፣ ከዚያ ትለዋወጣላችሁ።

ጀንበር ከመጥለቋ በፊት የሚያልቀውን ትርዒት ምረጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉልላቱ ውስጥ የተማራችሁትን ወዲያው ወጥታችሁ በእውነተኛው ሰማይ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ይህ ቅደም ተከተል ነው ጉብኝቱን ጉብኝት የሚያደርገው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ቴሌስኮፕ፣ በመጨረሻ ትርዒት፣ ከዚያ ደክሞት ወደ ቤት። ያኔ ሰማዩ ምኑም አይገባውም።

እስኪደርስ ድረስ

መግቢያው አዳራሽ መሐል ላይ ሰው ጉድጓድ ከብቦ ታገኛላችሁ። ፔንዱለሙ ነው። ከጣሪያው በረጅም ሽቦ የተንጠለጠለ 240 ፓውንድ የሚመዝን የነሐስ ኳስ፣ ሳይቸኩል ወዲያና ወዲህ ይላል። ጠርዙ ላይ ትንንሽ እንጨቶች ቆመዋል። በየተወሰነ ደቂቃ አንዱን ይጥለዋል። እንጨት እስኪወድቅ ድረስ ጠብቁ። ልጆች በጣም ይወዱታል፣ ሲወድቅ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል።

ግን ምን እያያችሁ እንደሆነ ለልጆቹ ንገሯቸው። ኳሱ አቅጣጫውን አልለወጠም። የዞረው ከእግራችን በታች ያለው ወለል ነው። መሬት ስትዞር ዓይናችሁ እያየ ነው! እዚህ ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ 42 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋልታ ላይ አንድ ቀን ነው። ወደ ምድር ወገብ በተጠጋችሁ ቁጥር እየዘገየ ይሄዳል። ይህንኑ ፔንዱለም አዲስ አበባ ብንሰቅለው አንድ ዙር ለመጨረስ ከ6 ቀን በላይ ይወስድበታል። ልጄ ይህንን ስነግራት «ታዲያ አዲስ አበባ መሬት ቀስ ብላ ነው የምትዞረው?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይደለም፤ የምትዞረው እኩል ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ያለው ወለል ግን እንደ ምጣድ በቦታው አይሽከረከርም፣ ወደ ምሥራቅ ይሸከመናል እንጂ። ምጣድ ስል ወዲያው ገባት።

ቀና ስትሉ ጣሪያው ላይ ሁጎ ባሊን የሣላቸው ሥዕሎች አሉ። አንገት እስኪያም ድረስ ማየት ነው።

ከዚያ ፀሐይዋ ሳትወርድ የፀሐይ ቴሌስኮፑን ምስል እዩ። ምዕራብ በኩል ያለው ጉልላት ለፀሐይ ብቻ የተሠራ ነው። መስታወቶች ብርሃኑን ታች ወዳለው አዳራሽ ያወርዱታል። የፀሐይን ፊት ያለ አደጋ ታያላችሁ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለባት እሱንም። ይህ በጨለማ አይታይም፣ ስለዚህ አታቆዩት። በሌላኛው ወገን ቴስላ ኮይል የሚሉት መሣሪያ አለ። ሲበራ መብረቅ እየረጨ ይንጫጫል። ልጆች ይፈነድቃሉ። ልበ ስስ አዛውንት ካሉ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰዓት ከተረፋችሁ ምድር ቤት ውረዱ። ሕንጻው ከ2002 እስከ 2006 ተዘግቶ በ93 ሚሊዮን ዶላር ታድሷል። የሚያስደንቀው አሮጌውን ሕንጻ ሳይነኩ ከሣሩ ሥር ቆፍረው አዲስ አዳራሽ መሥራታቸው ነው። እዚያ በየፕላኔቱ ክብደታችሁን የምትመዝኑበት ሚዛን አለ። አንዱ ግድግዳ በሙሉ ደግሞ ፎቶ ነው፣ 152 ጫማ ርዝመት አለው። ፓሎማር ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ የተነሣ የሰማይ ቁራጭ ነው፣ በውስጡ ከሚሊዮን በላይ ጋላክሲ አለ። ፊት ለፊቱ የአይንሽታይን የነሐስ ሐውልት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን ቀስሮ ይዟል። ብዙ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሰልፊ ያነሣና ይሄዳል። እናንተ ግን ጣቱን ልብ በሉ። ያ ግድግዳ የሚያክል ፎቶ የያዘው የሰማይ ክፍል፣ ክንዳችሁን አጠፍ አድርጋችሁ አንድ ጣት ብታቆሙ የሚሸፈን ነው። ሞክሩት። እኔ ይህንን ሳውቅ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ጉልላቱ ውስጥ

ከመግባታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ይሂድ። ትርዒቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በጨለማ መውጣት ከባድ ነው። ምግብና መጠጥ አይገባም።

ትርዒቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው በሹክሹክታ ልተርጉም ብላችሁ እንዳታስቡ። እሱም አያይም፣ እናንተም አታዩም፣ ጎረቤትም ይናደዳል። እኔ የማደርገው ይኸው ነው፦ መኪና ውስጥ እያለን ታሪኩን በአማርኛ እጨርሰዋለሁ። «እማዬ፣ መጀመሪያ መብራት ይጠፋል። ከዚያ ሰማይ ይመጣል። ሰማዩ ሲዞር ወንበርሽ የሚዞር ይመስልሻል፣ ግን አይዞርም፣ አትፍሪ። አንድ ሰው እየዞረ ያወራል። ስለ ድሮ ሰዎች፣ ስለ ኮከብ ነው የሚያወራው።» ይህ ይበቃል። ቀሪውን ዓይን ይጨርሰዋል።

የሚያወራው ሰው ያልኩት በአካል ነው። ግሪፊዝ ትርዒቱን በቴፕ ለቅቆ አይተዋችሁም። ተራኪው እዚያው ቆሞ ይናገራል። እንደ ጥሩ ሰባኪ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቋንቋውን ባታውቁ እንኳ ስሜቱ ይደርሳችኋል።

ወንበሩ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። መዞር የሚያስቸግረው ሰው ሰማዩ በፍጥነት ሲሽከረከር ዓይኑን ጨፈን ያድርግ፣ ወዲያው ይተወዋል።

መሐል ላይ ያለው መሣሪያ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው በ1935 የገባው ዛይስ ነበር። በ1964 ተለወጠ፣ በ2006 ደግሞ አሁን ያለው መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች በኮከብ አቅጣጫ ማግኘትን የተማሩት በዚህ ጉልላት ሥር ነው። በ1960ዎቹ ወደ ጨረቃ የሚሄዱት የአፖሎ ጠፈርተኞችም እዚህ መጥተው ኮከብ አጥንተዋል። ይህንን ለልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ እየደበዘዘ። እማዬ እጄን ያዘችኝ። ከዋክብቱ ሲወጡ ምንም አላለችም። ቆይታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ይሄማ የኛ ሰማይ ነው» አለች። ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ነበር። ያን ያህል ኮከብ ካየሁ 20 ዓመት ሆኖኝ ነበር። እሷ ደግሞ ልጅ ሳለች የአጥቢያ ኮከብ ሲወጣ ለወፍጮ የምትነሣ ሰው ናት። ሰማይ ለእሷ ሰዓት ነበር።

በ1994 እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ኖርዝሪጅ ላይ ያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከሌሊቱ 4፡31 ላይ ነው። የከተማው መብራት ጠፋ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ደጅ ወጣና ቀና አለ። ከዚያ ወደ ኦብዘርቫቶሪው ስልክ ይጎርፍ ጀመር፣ «ሰማዩ ምን ሆኖ ነው?» እያሉ። ሰማዩ ምንም አልሆነም ነበር። ያዩት ኮከብ ነው። እማዬ በረንዳ ላይ የጠየቀችኝን ጥያቄ ሳስብ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይመጣብኛል። ኮከቡ አለ። የሸፈነው የኛው መብራት ነው።

ከዋክብቱ ሲታዩ ኦሪዮንን ፈልጉ። መሐሉ ላይ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። አገር ቤት ይህ ኮከብ ከሞላ ጎደል ከራስ በላይ ያልፋል። እዚህ ግን ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰባቱ ከዋክብት ከእሱ ብዙም አይርቁም። የደቡብ መስቀልን ግን ከሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ መቼም አታገኙትም፣ ከአድማስ በታች ነው። አገር ቤት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ማታ ማታ ወደ ደቡብ የሚታየው ያ አራት ኮከብ እዚህ የለም። ትርዒቱ ሲያልቅ አትሩጡ። ጥያቄ ካላችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ፣ መጠየቅ ነው የሚያስደስታቸው።

ጣሪያው ላይ

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ምዕራብ በኩል ባለው በረንዳ ቁሙ። አሁን ፎቶ አንሡ። ከዚያ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ዓይን ጨለማ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አንዴ ስልክ ካያችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ምሥራቅ በኩል ባለው የጣሪያ ጉልላት ውስጥ ከ1935 ጀምሮ ያለው ባለ 12 ኢንች ዛይስ ቴሌስኮፕ አለ። በዓለም ላይ የዚህን ያህል ሕዝብ ያየበት ሌላ ቴሌስኮፕ የለም ይባላል፣ ከ7 ሚሊዮን ሰው በላይ ዓይኑን አስጠግቶበታል። ሰማዩ ደመና ካልሆነ ማታ ማታ ይከፈታል። ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ከመዘጋቱም በፊት ሰልፉ ይቆረጣል። ስለዚህ እንደጨለመ ተሰለፉ፣ ለኋላ አትተዉት። መቆም ለማይችል ሰው ታች ሣሩ ላይ ሠራተኞች የሚያቆሟቸው ትንንሽ ቴሌስኮፖች አሉ። ደረጃ የለም፣ ሰልፉም አጭር ነው።

ተራችሁ ሲደርስ ሦስት ነገር። መነጽራችሁን አውልቁ፣ ማስተካከል ካስፈለገ ሠራተኛው ያስተካክላል። ቴሌስኮፑን በእጅ አትንኩ፣ ይንቀጠቀጣል። አትቸኩሉ። ብዙ ሰው አንድ ሰኮንድ አይቶ «እሺ» ብሎ ይወጣል። ትንሽ ስትቆዩ ነው ምስሉ የሚጠራው።

እማዬ አልቸኮለችም። ግማሽ ጨረቃ ነበረች። ጎንበስ ብላ፣ ጋቢዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ዓይኗ!» አለች። «ዓይኗ እንደ ጥሩ እንጀራ።»

ለሠራተኛው ተረጎምኩለት። እንጀራ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ፌርፋክስ ላይ በልቷል። ሳቀና እንደገና እንድታይ ፈቀደላት።

ከመሄዳችሁ በፊት አንዲት ልኬት

መኪናው ጋ ስትደርሱ ወዲያው አትሂዱ። ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። በብርዱ ወራት ከላይ በኩል አምስት ኮከቦች እንደ እንግሊዝኛው ኤም፣ ማለትም እንደ ተገለበጠ ደብል ዩ፣ ተሰባብረው ተደርድረው ታያላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከእነሱ በታች፣ ብቻዋን፣ መካከለኛ ድምቀት ይዛ አለች። ካላገኛችኋት ትርዒቱን የሰጠውን ሰው ወይም ሣሩ ላይ ያሉትን ጠይቁ።

አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና እጃችሁን ጨብጡ። የተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ከአድማሱ ጀምራችሁ ጡጫ በጡጫ ላይ እየደረባችሁ እስከ ኮከቧ ድረስ ቁጠሩ። ሎስ አንጀለስ ላይ ሦስት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ምክንያቱም ከተማዋ ያለችው በ34 ዲግሪ ላይ ነው። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ሁልጊዜ ከቆማችሁበት ቦታ ዲግሪ ጋር እኩል ነው። መርከበኞች ያሉበትን የሚያውቁት እንዲህ ነበር።

እማዬ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ሦስት ተኩል። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ደብረ ማርቆስ ወንድሜ ጋ ደወለች። እዚያ ነግቷል።

«ስማ» አለችው፣ «ዛሬ ሲመሽ ውጣና የሰሜን ኮከብን በጡጫህ ለካልኝ።»

በማግስቱ ደወለ። አንድ ጡጫ ነው አለ።